ሰባት ቤት የተቆጠረለት ሳል

ማልሞ፣ ስዊድን
መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ደሳለች፤ ቀጨኔ።

የቁስቋም ማርያም ጥላዋን ከልጃችን ከሲና ላይ አታንሳ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ለጥምቀት አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ያስቸገረኝ የአየር ለውጥም እዚህ በገባሁ በሳምንቱ ለቆኛል።

ባለፈው በስልክ የተናገርሽኝን ለማንም አልደገምኩትም። እኔ የሟቹ ባልሽ የሐብታሙ አጎት ነኝ። ወንድሜ ስለሺ ዛሬ ቢኖር ምራቱ በእኔ ላይ እንዲያ ስትጮህ ሰምቶ ዝም አይልም ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ የምንነጋገረው በወግ በተጻፈ ደብዳቤ ይሁን፤ በኢሜይል ላኪልኝ። ጽሑፍ አይጮህም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ልጅቷ የደም ካንሰር ሕክምናዋን በመከታተል ላይ ሳለች ኮሮና እንደያዛት፣ ከጥር ማለቂያ ጀምሮም ምርመራው ‘አለባት’ እያለ ሕክምናዋ እንደቆመ እኅቴ ዓለምፀሐይ ነግራኛለች። ጤነኛ ሰው በሁለት ሳምንት የሚገላገለውን በሽታ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ጊዜ የምትሸከመው ለምንድን ነው? መልሱን እዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እንደዳነች መልሶ የሚያስይዛት ነገር ቤት ውስጥ ስላለ ነው። አንቺ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፊያለሽ፤ ሊለካ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። እናትሽ ሸክላ ይሠራሉ፤ ጀበና ሊገዛ የሚመጣው ሌላ ነው። የቀጨኔን ቤት አውቀዋለሁ። በሩ ከመንገዱ አይለይም።

ሲና ቁስቋም ሰፈር እኅቴ ዓለምፀሐይ ዘንድ ትግባ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ለብቻዋ ክፍል አለ። አንቺ እሑድ እሑድ እየሄድሽ ታያታለሽ። ለሆስፒታሉም ይህንኑ ጽፌያለሁ።

ሰባት አባቶቿን እንዳትረሳ ማታ ማታ አስጠኛት።

አድነው አክሊል

ቀጨኔ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አድነው፤

መድኃኔዓለም ዕድሜ ይስጥዎት። ዕድሜ ካገኙ ልብ ይገዙ ይሆናል። እኔም እናቴም ደህና ነን። ‘ከናፍቆትዎ በስተቀር’ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጾም ስለሆነ መዋሸቱን ፈራሁ።

ዕድሜዎን ሙሉ የባቡር ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው በጡረታዎ ቫይረስ መቆጣጠር ጀመሩ። ሥራ መፍታት ክፉ ነው፤ አልፈርድብዎትም። ነገር ግን የሲና ሐኪም ዶክተር ሄራን ትኬት ቆራጭ አይደለችም፤ የምትለውም ሌላ ነው። የካንሰሩ መድኃኒት የልጅቷን የሰውነት መከላከያ ጠራርጎታል። ቫይረሱን የሚያስወጣላት ወታደር የለም። ስለዚህ አልወጣም። ሄዶ የሚመለስ ሳይሆን ገብቶ የተቀመጠ ነው አለችኝ።

ስለ ቤቴ በር ከተነሣ፣ ሲና ከታመመች ወዲህ ደንበኞቼን የምለካው ከበር ውጭ ነው። እናቴ ሸክላዋን ይዛ እኅቷ ቤት ትሠራለች። እንጀራ የምታቀብለን ጎረቤት እንኳ አፏን ሸፍና ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ከጫማዎ ጋር መኝታዋ ድረስ የገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። የባሌ አጎት ናቸው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰባቱን አባቶች አልረሳችም። እንዴት ትርሳ? በጥምቀት ማግስት ጭንዎ ላይ አስቀምጠው፣ አንዱን በሳተች ቁጥር ‘ከመጀመሪያው’ እያሉ ከምሳ እስከ መክሰስ በቃሏ አስወጥተዋታል። ሐብታሙ፣ ስለሺ፣ አክሊል፣ ዳኜ፣ ወልደ ሰንበት፣ ይርዳው፣ ክፍሌ። ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትልልዎታለች። የእናቷን ወገን ስትጠይቅዎት ‘እነሱ አይቆጠሩም’ ማለትዎንም አልረሳችም።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ልመና አልወድም፣ ከእርስዎ ሲሆን ደግሞ ይተናነቀኛል፤ ግን ለሲና ነው። ዶክተር ሄራን ለቫይረሱ የምትፈልገው መድኃኒት እዚህ ጠፍቷል። ማዘዣውን አያይዤዋለሁ። እባክዎ ካለ ይላኩልን።

ደሳለች

ማልሞ
ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ደሳለች።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ለሲና ምሕረቱን ያውርድላት።

ስለ መድኃኒቱ፦ ይህ ሕግ ያለበት አገር ነው። የአዲስ አበባ ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ የሚገባ ሰው ይሳቅበታል። መንገድ አይጠፋም ይሆናል፤ ግን መድኃኒት ልኬ በዚያ ቤት ውስጥ መልሳ እንድትያዝ ማድረግ በቀዳዳ ጆንያ እህል መስፈር ነው። መጀመሪያ ቁስቋም ትግባ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ስለ ትኬት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። የአነጋገር ጉዳይ የአስተዳደግ ጉዳይ ስለሆነ አልተቀየምኩም።

አድነው አክሊል

ቀጨኔ
ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ አድነው፤

የመድኃኔዓለም ሰላም ከደረሰልዎ ይድረስዎ።

የጻፉት ደብዳቤ ሥራውን ሠርቷል። ከሆስፒታሉ አንዲት ሴት መጥታ ቤቴን ዞራ አየች። አልጋውን፣ መስኮቱን፣ የልብስ ስፌት መኪናዬ ያለበትን ጥግ። ትሑት ልጅ ናት፤ አልተቆጣኋትም። በሽታው ደጋግሞ ከቤት የሚገባ ከሆነ ሲና ለጊዜው ሌላ ቤት እንድትቀመጥ ሐኪሞቹ ሊወስኑ እንደሚችሉ ነገረችኝ። ለጊዜው የሚለውን እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ለጊዜው ከእናቷ ጉያ ወጥታ ስትመለስ ‘እቴቴ’ ማለቱን ረስታ ነው።

መድኃኒቱን ዶክተር ሄራን ከሌላ ሆስፒታል ለምና አግኝታለች። ሲና ሳምንት ያህል ተሽሏት ነበር፤ እንደገና አገረሸባት። ሳሏ ደረቅ ነው፤ ስትስል ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ካንሰሩ ደግሞ ሕክምናው ቆሞለት ተመችቶታል። ፈርቻለሁ ጋሽ አድነው። ለእርስዎ መንገሬ ሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ እንዳይመስልዎ። ለዘመድ ይነገራል ተብሎ ስላደግሁ ነው።

ትናንት ዶክተር ሄራን የጥር ወሩንና የሚያዝያውን ናሙና አስተያይታ ‘የቫይረሱ ዝርያ ተለውጧል’ አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ልታስረዳኝ ስትጀምር ወደ ሌላ ሕፃን ተጠራች። ሳውቅ እጽፍልዎታለሁ።

ደሳለች

ማልሞ
ግንቦት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ደሳለች።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ነው የጻፍኩት።

የምፈልገውን በራስሽ እጅ ጻፍሽልኝ። ዝርያ ተለወጠ? ዝርያ ማለት ዘር ነው፤ ዘር አይለወጥም። ውሻ ድመት አይወልድም፣ ከጤፍ ስንዴ አይበቅልም። በጥር የነበረው አንድ ዝርያ፣ በሚያዝያ የተገኘው ሌላ ዝርያ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ወጥቶ ሌላ ባዳ ገብቷል ማለት ነው። ባዳውን ማን አስገባው? ያ የማይዘጋው በር። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ዘሩን የሚያውቅ ሰው መሆን ይበቃል። ዘር ሳይቆጠር የተገባበት ነገር ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው። ለሐብታሙም ከሠርጉ በፊት ነግሬው ነበር፤ አልሰማኝም።

እንግዲህ ይቆጠር። እዚህ በጋዜጣ እንዳነበብኩት የቫይረስ ዘር በላቦራቶሪ ይነበባል። ከናሙናዎቹ እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ተነቦ ይውጣ። እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩት። ለሆስፒታሉ ጽፌ ጠይቄያለሁ። ውጤቱ እንዳልኩት ከሆነ ልጅቷን ያለ አንዳች ክርክር ለዓለምፀሐይ ለመስጠት ቃልሽን እፈልጋለሁ።

አድነው አክሊል

ቀጨኔ
ግንቦት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ አድነው፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለዓለምፀሐይ ሲሆን በሁለት ቀን መልስ ይደርሳል፤ ለመድኃኒት ሲሆን ወር ይፈጃል። ኢሜይሉ አንድ ነው።

ቃሌን ሰጥቻለሁ። ባዳ ከተገኘ ልብሷን እኔው አጥፌ ቁስቋም አደርሳታለሁ። ካልተገኘ ግን እርስዎ ስለ ልጄ መኖሪያ ለማንም፣ በምንም ቋንቋ፣ አንዲት መስመር አይጽፉም። እርስዎም ቃልዎን ይስጡኝ።

ደሳለች

ማልሞ
ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

የአክሊል ዳኜ ልጅ ቃል ቃል ነው።

አድነው

ቀጨኔ
ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አድነው፤

የፍልሰታ በረከት ይድረስዎ። ተቆጠረ።

ዶክተር ሄራን ምርመራው የእርስዎን ደብዳቤ እንዳልጠበቀ እንድነግርዎ ትፈልጋለች። እንደ ሲና ያሉ፣ መከላከያቸው የደከመ ሕፃናት ቫይረስ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥባቸው እሱ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚከታተል ጥናት አለ። የሲና ናሙናም ከጥር ጀምሮ በየወሩ ተቀምጧል። ትናንት አስቀምጣኝ ከአንድ ወረቀት ጀርባ ክብ በክብ ሥላ አሳየችኝ። ሲናም የሆስፒታል አልጋዋ ላይ ተደግፋ ታይ ነበር።

የየካቲቱ የጥር ወሩ ልጅ ነው። የመጋቢቱ የየካቲቱ ልጅ ነው። የሚያዝያው እንዲሁ። በግንቦት ወር ሁለት ወንድማማቾች ሆነው ተገኙ፤ አንደኛው የተሰጣትን መድኃኒት የለመደ ነበርና ያገረሸባት እሱ ነው። በሰኔ ሌላ መድኃኒት የታከለላትም ለዚሁ ነው። የሰኔውና የሐምሌው የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው። ከጥር እስከ ሐምሌ ሰባት ቤት። ባዳ የለም። አንድም የለም። ቤቴ የገባ ሌላ ቫይረስ የለም።

ዝርያ አይለወጥም ላሉት መልሱ እንዲህ ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲቀዳ ይሳሳታል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለውን ሲገለብጥ ፊደል እንደሚስት ተማሪ። ጤነኛ ሰውነት ውስጥ የልጅ ልጅ ሳያይ ይገደላል። ሲና ውስጥ ግን የሚገድለው ስላልነበረ ወለደ፣ የወለደውም ወለደ፣ ስሕተቱም አብሮ ተዋለደ። ‘ዝርያው ተለውጧል’ ማለት እዚያው ውስጥ ሆኖ መልኩን ለወጠ ማለት ነበር። እርስዎ ግን ዝርያ የሚል ቃል ሲሰሙ ወደ ሌላ ነገር ሄዱ። ድሮም የሚሄዱበትን አውቀዋለሁ።

እናቴ ጀበና ተሸክማ ገበያ ስትወጣ ሰው ዕቃዋን ይገዛትና ልጁን በነጠላ ይሸፍን ነበር፤ ዓይኗ እንዳያርፍበት። የባላባት ልጅ ነኝ የሚለው ሁሉ በእሷ ጀበና እየጠጣ ያማታል። እርስዎ ሰው አገር ኖረው ስለሠለጠኑ ‘ዓይን’ የሚለውን ትተው ‘ዝርያ’ አሉን። ትልቅ መሻሻል ነው።

ሰባት ቤት ይቆጠር ስላሉ ስምንተኛውንም ጠየቅሁልዎ። የጥር ወሩ አባት ማን ነው? በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ከተወሰዱት ጋር ተነጻጽሯል፤ ዘመድ አይደለም። የቅርብ ዘመዶቹ የተገኙት ከገና በፊት በሰሜን አውሮፓ ከተመዘገቡት መካከል ነው። ዶክተር ሄራን ‘ከየት ወገን እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ ማን እንዳስያዛት አይናገርም’ አለች። እኔም አልናገርም። ስም አልጠራም።

ውጤቱን ልነግራቸው ቁስቋም እት ዓለምፀሐይ ዘንድ ወጥቼ ነበር። እሳቸውም ‘አድነው የሄደ ሰሞን እኛም ቤት ሰው ሁሉ ወድቆ ነበር። ቅር እንዳይለው ብለን ነው ያልነገርነው’ አሉኝ። ለሲና የተዘጋጀውን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን ከፊቴ ኪሳቸው ከተቱ።

ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ደሳለች

ማልሞ
ኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለደሳለች፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሲናስ፣ እናትሽስ እንደምን ናቸው? ጊዜ አጥቼ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ።

የላክሽውን አንብቤዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ‘ዝርያ’ የሚለው ቃል ለቫይረስ መነገሩ የቋንቋ ስሕተት ነው። የእኛ ሐኪሞች አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ ይህ ሁሉ አለመግባባት አይፈጠርም ነበር። ደግሞም ላቦራቶሪ የሰው ሥራ ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል፤ ናሙና ከናሙና ሊቀላቀል ይችላል። ያም ሆኖ ሰሜን አውሮፓ ሰፊ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከተነሣንበት እስከ አዲስ አበባ ሲያስል ነበር፤ አፉን እንኳ አልሸፈነም። ለሰው የማይጠነቀቅ ሰው ሞልቷል።

ዓለምፀሐይ ስልክ ስደውል አታነሣም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

መድኃኒቱን አግኝቻለሁ። ፋርማሲው እንዳሰብኩት አላስቸገረም። አንድ የአገር ልጅ ለገና ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ዊንጌት አደባባይ ድረስ ያመጣልሻል። ብዙ አድርጌ ነው የላክሁት።

ለጥምቀት ለመምጣት አስቤያለሁ። ሲና አሁንም ሰባቱን ትላለች? ስለ እኔስ ምን ትላለች? ልጅቷን ያስታመመልሽ አምላክ ይመስገን።

አድነው

ቀጨኔ
ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሽ አድነው፤

ጽዮን ማርያም ትጠብቅዎ፤ ሰላምታዎ ለእናቴም ደርሷል። በስሟ ባይጠሩዋትም ‘እናትሽስ’ ማለትዎን አነበብኩላት። ‘ማን ሞቶበት ነው?’ አለች።

ስለ ሰውዬው አዘንኩልዎ። ከጎን ተቀምጦ አፍን ሳይሸፍኑ ማሳል ነውር ነው። ቢያገኙት ይንገሩልኝ።

መድኃኒቱ ሲደርስ ለሲና አይሆንም፤ ከመስከረም ወዲህ ተደጋግሞ ተመርምራ ቫይረሱ የለባትም። በሆስፒታሉ ሲና በተኛችበት ክፍል ኑሕ የሚባል የእሷ ዓይነት በሽታ ያለበት ልጅ ገብቷል፤ ለእሱ ይሆናል። የእርስዎ ስም አይነሣም፤ ምስጋና የሚጠብቁ ከሆነ እናቱ እንኳንስ እርስዎን እኔንም በቅጡ አታውቀኝም።

የካንሰር ሕክምናዋ ቀጥሏል። ከግማሽ ዓመት በላይ የቆመበት ጊዜ ግን አይመለስም። ዶክተር ሄራን አትሸነግለኝም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካንሰሩ ቁጭ ብሎ አልጠበቀንም፤ በጥር የሚደረገው ምርመራ ምን እንደሚል አላውቅም አለችኝ። እኔም አላውቅም። ሌሊት እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ትንፋሿን እያዳመጥሁ ነው የሚነጋልኝ። እርስዎን የምጠላበት ጊዜ ራሱ ያጥረኛል። እንደምንም ግን አብቃቃዋለሁ።

ስለ እርስዎ ምን እንደምትል ጠይቀዋል። እኔ ምንም አልነገርኳትም። ያን የነሐሴ ዕለት ግን ሐኪሟ ስትሥል እያየች ነበር። የመጀመሪያውን ክብ በጣቷ ነክታ ‘ይኼ ጋሼ ሰባት ቤት ያስጠኑኝ ቀን ነው?’ ብላ ጠየቀች። ዶክተር ሄራን ወረቀቱን አጠፈችው።

በጥምቀት መምጣትዎን አልከለክልም። የአባቷ አጎት ነዎት። እሷም ይምጡ ብላለች፤ ግን ውል አላት። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ አያልፉም። እዚያው ቆመው የእናቷን ወገን ሰባት ቤት በቃልዎ ይወጡላታል። ሸክላ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚወርድ ሙያ ስለሆነ እናቴ በእናት በእናት ቆጥራ ሰጥታናለች። እንዲያጠኑት ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

ደሳለች፣ አሰለፈች፣ ድንቄ፣ ሽታዬ፣ ብርቄ፣ ጌጤ፣ ወለላ።

አንዷን ቢስቱ ከመጀመሪያው ታስጀምርዎታለች። ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።

ደሳለች